የማይሟሟው አቧራ፦ የኢንዲየም ውህዶችና የሠራተኞች ሳንባ ታሪክ

መግቢያ

የሙያ ሕመሞች ታሪክ ለብዙ ዘመን የማዕድን ጉድጓድ፣ የድንጋይ ጠረባና የፈትል ፋብሪካ ታሪክ ሆኖ ሲነገር ቆይቷል። በሳክሶኒ ይኖሩ የነበሩት ሐኪምና የማዕድን ሊቅ ጌዮርጊዮስ አግሪኮላ፣ ካረፉ በኋላ በ1556 በታተመው መጽሐፋቸው የማዕድን ቆፋሪዎችን ሳንባ የሚጎዳውን አቧራ ገልጸው ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒም በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሐኪም ታማሚውን ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራው ጭምር እንዲጠይቅ መክረዋል።

በሃያኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋው የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ከዚህ አሮጌ ታሪክ ውጭ የሆነ መስሎ ነበር። ሠራተኞቹ ከራስ እስከ እግር በነጭ ልብስ ተሸፍነው፣ አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ የሚታዩበት ፋብሪካ ከማዕድን ጉድጓድ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ የአየሩ መጣራት በዋነኛነት የታሰበው ምርቱን ከሰው ገላ ከሚረግፍ ብናኝ ለመጠበቅ ነው፤ ሠራተኛውን ከምርቱ ብናኝ ለመጠበቅ አይደለም። ከዚህም በላይ ለዚያ ንጹሕ ክፍል የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ የሚዘጋጀው ምድጃ፣ መሞረጃና መፍጫ ባለበት ሌላ ወርክሾፕ ነው። የኢንዲየም ውህዶች ያስከተሉት የሳንባ ሕመም የተከሰተው በዚህ ዓይነቱ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የሕመሙ ታሪክ አንድ ንጥረ ነገር በውኃ አለመሟሟቱ ለሰው ጤና ዋስትና እንደማይሆን ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢንዲየም መገኘት

ኢንዲየም የተገኘው በ1863 በዚያው በሳክሶኒ፣ በፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ነበር። ፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ራይኽ ከጥቂት ዓመታት በፊት የታወቀውን ታሊየም የተባለ ንጥረ ነገር በዚንክ ማዕድን ውስጥ ይፈልጉ ነበር። ለዚህ ፍለጋ ዋናው መሣሪያ ስፔክትሮስኮፕ ሲሆን፣ እርሱም የጋለ ንጥረ ነገር የሚያመነጨውን ብርሃን በየቀለሙ ለይቶ የሚያሳይ ነው። ራይኽ ግን ቀለማትን የመለየት ችግር ስለነበረባቸው ምርመራውን ለረዳታቸው ለቴዎዶር ሪክተር አስረከቡ። ሪክተር ያዩት መስመር የታሊየም አረንጓዴ ሳይሆን፣ እስከዚያ ዘመን ከታወቁት ንጥረ ነገሮች ከአንዱም ጋር የማይገጥም ደማቅ ኢንዲጎ ነበር። ኢንዲየም የሚለው ስያሜም ከዚሁ ቀለም የመጣ ነው።

ኢንዲየም ብርማ መልክ ያለው፣ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ብረት ነው። በ156.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ራሱን የቻለ ማዕድን ሆኖ በብዛት አይገኝም፤ በአብዛኛው ዚንክ ሲነጠር በተጓዳኝ የሚወጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቅም ያልተገኘለት ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን ሞተር ተሸካሚ ክፍሎችን ለመቀባት መዋል ጀመረ። በሕክምናም ዘርፍ ኢንዲየም 111 የተባለው ጨረራማ ዓይነቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ምልክት አድርጎ የተሰወረ ኢንፌክሽን ለመፈለግ ያገለግላል።

ከፊል አስተላላፊ ውህዶችና ጠባያቸው

የኢንዲየምን ዕጣ የለወጠው የከፊል አስተላላፊ ቁሶች ሳይንስ ነው። በ1952 በጀርመን የሲመንስ ኩባንያ ተመራማሪ የነበሩት ሃይንሪኽ ቬልከር፣ በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ሦስተኛው ምድብ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ከአምስተኛው ምድብ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲዋሐዱ እንደ ጀርማኒየምና ሲሊከን ያለ ጠባይ እንደሚኖራቸው አሳወቁ። ጋሊየም አርሴናይድ፣ ኢንዲየም አርሴናይድ፣ ኢንዲየም አንቲሞናይድና ኢንዲየም ፎስፋይድ ከዚህ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ከእነዚህ ውህዶች የሚሠሩ ንብርብር መሣሪያዎችን ንድፈ ሐሳብና አሠራር ያዳበሩት ዦሬስ አልፌሮቭና ኸርበርት ክሮመር በ2000 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ኢንዲየም ፎስፋይድ በቀላሉ የሚሰበር፣ በ1,062 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ጠጣር ነው። በመስታወት ክር አማካይነት መልእክት የሚያስተላልፉ ሌዘሮች የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው። በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ፎስፊን የተባለ ብርቱ መርዛማ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ከአሲድ ርቆ መቀመጥ አለበት።

በብዛት የሚመረተው ግን ሌላው ውህድ፣ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ነው። ይህ ቁስ በተለመደው አሠራር በክብደቱ 90 በመቶ ኢንዲየም ኦክሳይድና 10 በመቶ ቲን ኦክሳይድ ሲሆን፣ ብርሃን የሚያሳልፍና ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ በመሆኑ ለቴሌቪዥን፣ ለኮምፒዩተርና ለተንቀሳቃሽ ስልክ ስክሪን አስፈላጊ ሆኗል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሁለቱ የኦክሳይድ ዱቄቶች ተቀላቅለውና ተጠቅጥቀው በከፍተኛ ሙቀት ይተኮሳሉ፤ እንደ ሸክላም ይጠነክራሉ። ከምድጃ የወጣው ሰሌዳ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይለሰልሳል። ከዚያም አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የሰሌዳው አተሞች በኤሌክትሪክ ኃይል እየተፈናጠሩ በመስታወት ላይ እንዲለጠፉ ይደረጋል። ከመስታወቱ ውጭ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተጋገረው ትርፍ ተፍቆ፣ ኢንዲየሙ እንደገና ተነጥሮ ለሥራ ይመለሳል። ስክሪኑን የሚጠቀም ሰው ከመስታወት ጋር ከተጣበቀው ስስ ንብር የሚደርስበት የትንፋሽ ጉዳት የለም። አደጋው የሚገጥመው ሰሌዳውን የሚሞርደውን፣ ዱቄቱን የሚቀላቅለውን፣ ግድግዳውን የሚፍቀውንና ትርፉን የሚፈጨውን ሠራተኛ ነው።

«የማይሟሟ አይጎዳም» የሚለው ግምት

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ስለ ኢንዲየም መርዛማነት የነበረው ዕውቀት እጅግ ውሱን ነበር። የሚሟሟ የኢንዲየም ጨው ለእንስሳት በመርፌ ሲሰጥ ኩላሊትንና ጉበትን እንደሚጎዳ ታውቋል። በአፍ የተወሰደ ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ በመነሣት በውኃ የማይሟሟው ኦክሳይድ ይልቁንም ጉዳት አልባ ይሆናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። በዩናይትድ ስቴትስ የሙያ ደኅንነት ተቋማት ለኢንዲየምና ለውህዶቹ ሁሉ ያወጡት የሚመከር ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.1 ሚሊግራም ሲሆን፣ ወሰኑ የብረቱን ዱቄት፣ የሚሟሟውን ጨውና የተተኮሰውን ኦክሳይድ አልለየም።

ይህን ግምት የሚያናጋ ፍንጭ ቀደም ብሎ ከእኅት ውህድ ተገኝቶ ነበር። በ1984 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ወደ አይጠ መጎጥ ሳንባ የገባ ጋሊየም አርሴናይድ በሰውነት ውስጥ እየተሟሟ አርሴኒክ እንደሚለቅ አሳይቷል። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ውህድ በሕያው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ እንደዚያው አይቀመጥም ማለት ነው።

ከእንስሳት ጥናት የተገኘ ማስጠንቀቂያ

በጃፓን የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት አኪዮ ታናካና ባልደረቦቻቸው ኢንዲየም አርሴናይድንና ኢንዲየም ፎስፋይድን ወደ ሃምስተር የአየር ቧንቧ በማስገባት ጥናት አድርገው፣ ሁለቱም በሳንባ ላይ ሥር የሰደደ ጉዳት እንደሚያደርሱ በ1996 አሳተሙ። ጥናቱ ሲታተም በዚህ ውህድ ሳንባው ተጎድቷል ተብሎ በሕክምና መጽሔት የተመዘገበ ሠራተኛ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የመርዛማነት ጥናት ፕሮግራም አይጠ መጎጦችና አይጦች ኢንዲየም ፎስፋይድ ያለበትን አየር እንዲተነፍሱ አድርጎ ውጤቱን በ2001 ይፋ አደረገ። የተመረጡት መጠኖች በሜትር ኩብ 0.03፣ 0.1 እና 0.3 ሚሊግራም ነበሩ። ዕቅዱ ለሁለት ዓመት እንዲቀጥል ቢሆንም፣ በሁለቱ ከፍተኛ መጠኖች የደረሰው የሳንባ ጉዳት እጅግ ከባድ ስለነበረ ለእነዚህ ቡድኖች ውህዱ የተሰጠው ለአምስት ወራት ያህል ብቻ ነው። እንስሳቱ ቀሪውን ጊዜ ንጹሕ አየር ሲተነፍሱ ቢቆዩም በሳንባቸው የካንሰር ዕጢ በብዛት ታይቷል። ስለዚህ የተጋላጭነቱ መቆም የጉዳቱ መቆም አልነበረም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2006 ባሳተመው ግምገማ፣ በሰው ላይ የተገኘ የካንሰር መረጃ ባይኖርም፣ ኢንዲየም ፎስፋይድን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ሊሆን የሚችል ሲል በምድብ 2ሀ አስቀመጠው። በዚሁ ግምገማ ጋሊየም አርሴናይድ፣ ከሚለቀው አርሴኒክ የተነሣ፣ በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ጋር በምድብ 1 ተመደበ።

ከአንድ ታማሚ ወደ አንድ ፋብሪካ

የእንስሳቱ ጥናት ውጤት ይፋ በሆነበት በ2001 ዓመት፣ በጃፓን አንድ ወጣት ሠራተኛ በሳንባ ሕመም ሕይወቱ አለፈ። ሠራተኛው ሕመሙ ሲጀምረው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ሥራው የኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ሰሌዳ በውኃ እየታገዘ መሞረድ ነበር። በደረቅ ሳልና በክብደት መቀነስ ጀምሮ በተባባሰው ሕመሙ፣ በመጨረሻ በሁለቱም በኩል በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ገብቶ ለሞት ዳርጎታል።

በወጣትነት ዕድሜ የሚከሰት የሳንባ መጠጠር ብዙ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህም ታማሚ መንስኤው ካልታወቀ ሕመም ጎራ ተመድቦ ሊቀር በቻለ ነበር። ሐኪሞቹ ግን የሳንባውን ናሙና ከሥራው ጋር አገናኝተው መረመሩ፤ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥም የኢንዲየምና የቲን ጥቃቅን ብናኞች ተገኙ። በደም ሴረሙ የነበረው ኢንዲየም በሊትር 290 ማይክሮግራም ደርሶ ነበር። ዘገባው በ2003 በጃፓን የሙያ ጤና መጽሔት ሲታተም ከጸሐፊዎቹ መካከል ቀደም ሲል በሃምስተር ላይ ምርምር ያደረጉት አኪዮ ታናካ ይገኙበታል። በቤተ ሙከራ የታየውና በሕክምና ክፍል የታየው በዚህ መንገድ ተገናኙ። በ2005 ደግሞ ከዚያው ቁስ ጋር ይሠራ የነበረ ሌላ የ30 ዓመት ሠራተኛ የሳንባ መጠጠር በአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ሕክምና መጽሔት ተዘገበ።

የሁለት ሰዎች ሕመም እንደ አጋጣሚ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ታማሚ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ 108 ወንድ ሠራተኞች በረቂቅ የሲቲ ስካን ምርመራ ታዩ። በ2007 የታተመው ውጤት፣ በ23ቱ ላይ በአየር ከረጢቶች መካከል ባለው ሕብረ ሕዋስ ጉልህ ለውጥ፣ በ13ቱ ላይ ደግሞ የኤምፊዚማ ምልክት መገኘቱን አሳየ። በሴረማቸው ያለው ኢንዲየም በጨመረ መጠን የጉዳቱም ምልክት ከፍ ይል ነበር። ከተመረመሩት መካከል ብዙዎቹ በሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ ቀደም የሳንባ ታማሚ ተብለው አልተመዘገቡም።

ሕመሙ በጃፓን ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ2010 ከዩናይትድ ስቴትስ በተዘገቡ ሁለት ታማሚዎች ላይ የሳንባ አየር ከረጢቶች ፕሮቲንና ቅባት በበዛበት ፈሳሽ ተሞልተው ተገኝተዋል። በ2012 ከጃፓን፣ ከዩናይትድ ስቴትስና ከቻይና የተሰበሰቡ 10 ታማሚዎች በአንድነት ሲታዩ፣ ሦስቱ ይኸው የፈሳሽ መጠራቀም፣ ሰባቱ ደግሞ ኤምፊዚማ የታከለበት ወይም ያልታከለበት የሳንባ መጠጠር ነበረባቸው። የፈሳሹ መጠራቀም ሥራው በተጀመረ በአጭር ጊዜ፣ መጠጠሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚታይ በመሆኑ፣ ሁለቱ የአንድ ሕመም የተለያዩ ደረጃዎች ሳይሆኑ እንደማይቀር ተመራማሪዎቹ አመለከቱ። «የኢንዲየም ሳንባ» የሚለው ስያሜም በሕክምናው ዓለም ተለመደ።

የጉዳቱ መንገድ

ብናኙ በውኃ ካልሟሟ ሳንባን እንዴት ሊጎዳ ይችላል የሚለው ጥያቄ መልሱ በሳንባው መከላከያ ውስጥ ተገኝቷል። ወደ አየር ከረጢት የገባን ባዕድ ነገር የሚውጡት ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት የዋጡትን የሚያስቀምጡት አሲድነት ባለው ከረጢት ውስጥ ነው። በውኃ ያልሟሟው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ በዚህ አሲድ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተሟሟ የኢንዲየም አየን ይለቃል፤ አየኑም የዋጠውን ሕዋስ ይገድለዋል። ሕዋሱ ሲሞት የቀረው ብናኝ ይፈስሳል፤ ሌላ ማክሮፋጅም መጥቶ ይውጠዋል። የመጠበቂያው አካል በራሱ የመርዙ ማሟሚያ ይሆናል ማለት ነው። የአየር ከረጢቶቹን ፈሳሽ የሚያጸዱት ሕዋሳት ሲጎዱ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ብግነቱ ሲራዘም ደግሞ ጠባሳ ይተካል።

ከዚሁ የተነሣ ሳንባ እንደ ጎተራ ሆኖ ኢንዲየሙን ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይለቃል። ሥራውን የተዉ ሰዎች በሴረማቸው የሚገኘው ኢንዲየም የሚቀንሰው በዝግታ ነው። በመጀመሪያ ከፍተኛ መጠን የነበራቸው ሰዎች ከሥራው ከራቁ በኋላ የኤምፊዚማ ለውጥ ሊባባስባቸው እንደሚችልም በክትትል ጥናቶች ታይቷል።

የወሰኑ መለወጥና የጥንቃቄ አያያዝ

በጃፓን የሙያ ጤና ማኅበር በ2007 በሴረም ውስጥ ያለ ኢንዲየም በሊትር ከ3 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ወሰነ። በመጀመሪያው ታማሚ ሴረም የተገኘው መጠን ከዚህ ወሰን ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ነበር። በጃፓን በተደረገና በ2011 በታተመ የትንፋሽ ጥናት፣ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ በሜትር ኩብ 0.01 ሚሊግራም በሆነ መጠን እንኳ በአይጠ መጎጥ ሳንባ ላይ ካንሰር ማምጣቱ ታወቀ። የአገሪቱ የጤና፣ የሥራና የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2010 ማብቂያ ባወጣው መመሪያ፣ ሠራተኛ ሊተነፍሰው የሚፈቀደውን ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚደርስ የኢንዲየም ብናኝ በሜትር ኩብ 0.0003 ሚሊግራም ላይ ወሰነው። ይህም ቀድሞ ከታወቀው 0.1 ሚሊግራም ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ የኢንዲየም ውህዶች በጃፓን ልዩ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ኬሚካሎች ደንብ ሥር ገብተዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2018 ባሳተመው ግምገማ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድን በምድብ 2ለ፣ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብለው ከሚጠረጠሩት ጋር አስቀምጦታል።

ከዚህ ልምድ የተገኘው የጥንቃቄ አያያዝ በቅደም ተከተል የሚፈጸም ነው። ቀዳሚው ብናኙን ከምንጩ መያዝ ነው፤ መሞረጃው፣ መፍጫውና መቀላቀያው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆነው አየሩ በማጣሪያ በኩል እንዲመጠጥ ይደረጋል። በውኃ መሞረድ ብናኝን ቢቀንስም በራሱ በቂ አይደለም፤ ውኃው ሲረጭ ብናኝ ይዞ ይነሣል፣ የፈሰሰውም ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ ይሆናል። ወለልን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግና ልብስን በታመቀ አየር ማራገፍ የተከለከለ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ወይም ረቂቅ ማጣሪያ ባለው መምጠጫ ማንሣት ይገባል። የሥራ ልብስ ከቤት ልብስ ተለይቶ በፋብሪካው ይታጠባል፤ ምግብና መጠጥ ወደ ሥራው ክፍል አይገቡም። የመተንፈሻ ጭምብል ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ፊት መግጠሙ መረጋገጥ አለበት።

የሕክምና ክትትሉም የጥንቃቄው አካል ነው። በጃፓን ደንብ መሠረት ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ሲመረመሩ፣ በሴረም ውስጥ ያለው ኢንዲየምና ኬ.ኤል.-6 የተባለው የሳንባ ጉዳት ጠቋሚ ይለካሉ። ተራ የደረት ራጅና የትንፋሽ አቅም ምርመራ ጉዳቱን በመነሻው ላያሳዩ ስለሚችሉ፣ ጥርጣሬ ሲኖር ረቂቅ የሲቲ ስካን ምርመራ ያስፈልጋል። ለሕመሙ ፍቱን የሆነ መድኃኒት ባለመኖሩ ሠራተኛውን በጊዜ ከብናኙ ማራቅ ከሁሉ የሚቀድም እርምጃ ነው።

ማጠቃለያ

በኢንዲየም ታሪክ ውስጥ የእንስሳት ጥናት ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው የታተመ የሰው ሕመም ዘገባ በሰባት ዓመት ቀድሟል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የስክሪን ምርት እየተስፋፋ፣ በቤተ ሙከራ የሚታወቀው ነገር ወደ ወርክሾፑ ሳይደርስ ቆይቷል። ክፍተቱን የዘጋው ሐኪሞች ታማሚው ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቀው፣ የሠራበትንም ቁስ በሳንባው ውስጥ መፈለጋቸው ነው። ከዚያ አንድ ምርመራ ተነሥቶ 108 ሠራተኞች ታዩ፤ ወሰኑም ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ዝቅ አለ።

የቁሳቁስ ሳይንስ ዛሬም አዳዲስ ውህዶችን ማቅረቡን አላቋረጠም። የአብዛኞቹ መግለጫ ጽሑፍ በውኃ አይሟሟም የሚል ቃል ይይዛል፤ ይህ ቃል ስለ ውኃ እንጂ ስለ ሳንባ የሚናገር አይደለም። ሕመሙም ሥራው ከተተወ ከዓመታት በኋላና ከፋብሪካው በራቀ አገር ሊገለጥ ስለሚችል፣ መንስኤው ያልታወቀ የሳንባ መጠጠር ያለበት ወጣት በየትኛውም ሆስፒታል ቢቀርብ፣ አሁን የሚሠራው ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የሠራው ሁሉ በሕክምና ካርዱ ላይ በዝርዝር ሊሰፍር ይገባል።